ኦቦ ቀጀላ ጀልባቸውን ነዳጅ ሲያጠጡ

ጥንቁቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ ከነበረም አንድ ቀን ተቃጥሏል።

እኔ በምኖርበት ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለሱቁ ኢስማኢል አለ። ሱቁን ይዘጋና ቁልፉን ሰባት ጊዜ ወዝውዞ ይሄዳል፤ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ለስምንተኛው ይመለሳል። ቢላ ከተማ የማውቃቸው አንድ መምህር በታኅሣሥ ጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዘው ነው የሚወጡት። ለምን ሲባሉ «ሰማይ ፈርሞ አልሰጠኝም» ይላሉ። ይህን ዓይነቱን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰልፍ ያስረዝምባችኋል። አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ጎማውን ማን እንዳየው ይጠይቃል። ትስቁበታላችሁ፣ ትቆጡታላችሁ፤ አገር ለቃችሁ ስትሄዱ ግን የቤታችሁን ቁልፍ አደራ የምትሰጡት ለእሱ ነው።

እኔ የእነዚህን ሁሉ አለቃ አውቃለሁ። ክቡር ኦቦ ቀጀላ ይባላሉ። በፊንጫ ግድብ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያሻግር የአንድ ባለ ሞተር ጀልባ ባለቤት ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳን ተሻግሯል። ቁመታቸው አጭር፣ ባርኔጣቸው ሰፊ ነው፤ አፍንጫቸው ደግሞ ለብቻው ሊወራለት የሚገባ ነው። የሐይቁ ዳር ሰው «ሊቀ ጠብታ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ ጀልባቸውን ነዳጅ ሲያጠጡ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ወይም ውኃ ላይ ስትወድቅ ያየ የለምና። ስሙ የወጣላቸው ለማሾፍ ነበር። እሳቸው ግን ማዕረግ መቼም ማዕረግ ነው ብለው ተቀበሉት።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። እኔ ሳህሉ እባላለሁ፤ ከሸዋ ተመድቤ ወለጋ የገባሁ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነኝ። ነቀምት ካለው መሥሪያ ቤቴ እየተላክሁ የአስጋሪዎቹ መረብ ዓይኑ ጠብቦ ጫጩት ዓሣ እንዳይለቅም እለካ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሻምቡ አድሬ በጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ሰው የሚሳፈርበትን ዳርቻ እዚያ መልካ ይሉታል። መልካው ላይ የተገኘችው ጀልባ የኦቦ ቀጀላ ብቻ ነበረች። ከአሥር ሰው ጋር ተሳፈርሁ፤ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፤ ሰዓቴን አየሁ። ሊነሱ ነው ብዬ ስጠብቅ ኦቦ ቀጀላ በትሕትና ሁላችንም እንድንወርድ ጠየቁን። ነዳጅ ሊሞሉ ነው።

ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ያለ ምንም ቅሬታ መውረድ ጀመሩ። ዶሮ የያዘች ሴት ከነዶሮዋ ወረደች። እኔ ግን አዲስ ነኝ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ቦርሳም ይዣለሁ። እዚሁ ተቀምጬ ብጠብቅ ምን አለበት አልኋቸው፤ ቸኩያለሁም አልኋቸው።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አንተ ቸኩለህ ይሆናል። ቤንዚኑ ግን አልቸኮለም። ሱታ።»

ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ያንን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ፈጣሪ ያውቃል። ወረድሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ቅደም ተከተሉን አዛብቼ ብናገር ይሰሙና ያርሙኛል። ጀልባዋ በሁለት ገመድ ታሰረች። ሞተሩ የጠፋ ቢሆንም እንደገና መጥፋቱ ተረጋገጠ። ባርኔጣቸውን አወለቁና በተሳፋሪው መካከል እንደ ሙዳየ ምጽዋት አዞሩት፤ ሲጋራ ያለው ሲጋራውን፣ ክብሪት ያለው ክብሪቱን ጣለበት፤ ባርኔጣው መልካው ዳር ካለው ሾላ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ቀጥሎ የነዳጁን ታንክ፣ ሾፌሮች ሳልባትዮ የሚሉትን፣ ከጀልባዋ እንደ ሻንጣ አንስተው ወደ ደረቅ መሬት ይዘውት ወጡ። ሃያ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ጀሪካኑንም ከጎኑ አስቀመጡ። ነዳጅ ጀልባ ላይ አይሞላም፤ መኪና ላይም አይሞላም፤ ዕቃውም ሰውየውም መሬት መርገጥ አለባቸው ይላሉ።

ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ አላሉትና ቆሙ። ሳልባትዮው ፍስስ ብሎ ተነፈሰ። ትንፋሹን እስኪጨርስ እንደ ታማሚ ጠበቁት። ከዚያ በቢላ ምልክት ምልክት የተደረገበት ቀጭን የቀርከሃ እንጨት አስገብተው አወጡ፤ የቀረውን አዩ፤ የሚጨመረውን ሊትር በእስክሪብቶ መዳፋቸው ላይ ጻፉ። አፉ ላይ ጨርቅ ጠመጠሙ። የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ሰኩበት። ከዚያም ጀሪካኑን ጭናቸው ላይ ደገፍ አድርገው፣ ቤንዚኑን እንደ ክር እያቀጠኑ፣ ጆሯቸውን ወደ ሳልባትዮው አዘንብለው ማንቆርቆር ጀመሩ። የሚሞሉት በዓይናቸው አልነበረም፤ በጆሯቸው ነበር። ባዶ ሳልባትዮ ወፍራም ድምፅ አለው፤ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። እንደ ልጅ ድምፅ ሲቀጥን ቀጥ አደረጉት። አራት ጣት ሲቀረው ማለት ነው።

እኔም ባለሙያነቴን ለማሳየት ገና አራት ጣት ባዶ እንደሆነ ጠቆምኋቸው።

«ባዶ አይደለም፤ ለፀሐይ የተተወ ነው» አሉ። «ቤንዚን በጠዋት ቀጭን ነው፤ በቀትር ይወፍራል። ቦታ ካልተውህለት ራሱ በር ከፍቶ ይወጣል።»

ክዳኑ ተዘጋ፤ አፉ ተጠረገ፤ ጨርቁ ድንጋይ ላይ ተሰጣ። ሳልባትዮው ተመልሶ ተገጠመ። በመጨረሻም ኦቦ ቀጀላ የወለሉን ሳንቃ አንስተው ጭንቅላታቸውን ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ከተው አሸተቱ። ቀና ብለው «ኮታ» አሉ፣ ኑ ግቡ። ሃያ ስምንት ደቂቃ ፈጅቷል። በዚያ ወር በጻፍሁት ሪፖርት ላይ «የጀልባ አገልግሎቱ እጅግ አዝጋሚ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ፊርማዬም አለበት።

እንዲህ ዓይነት ሰው ስታገኙ መጀመሪያ የምታስቡት አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ሰው አንድ ቀን አንድ መዓት ደርሶበታል። እኔም እንዲያ አሰብሁ። ክንዳቸው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ፈለግሁ፤ የለም። በእሳት የሞተ ወንድም ይኖር እንደሆነ ሰው ጠየቅሁ፤ ወንድሞቻቸው ሁሉ ደህና ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም በጣም ወፍራም ነው። በመጨረሻ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። በወጣትነታቸው አንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ የጄኔሬተርና የነዳጅ ጠባቂ ሆነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። እዚያ ምን ደረሰብዎ ብዬ ጠየቅሁ።

«ምንም» አሉኝ።

«አንድ ቀን እንኳ?»

«ለምን ይድረስብኝ?» አሉ፣ በእውነት ግር ብሏቸው። «እየተጠነቀቅሁ?»

ለማዕረግ አያዳሉም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከነአጃቢዎቻቸው ሐይቁን ሊጎበኙ መጡ። ጀልባዋ ላይ የክብር ወንበር ታስሮላቸው ተቀመጡ፤ ፎቶ ተነሡ። ኦቦ ቀጀላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ ክቡርነትዎ እንዲወርዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ አሉ። አጃቢው ማን እንደሆኑ አያውቁም ወይ ብሎ ተቆጣ። ኦቦ ቀጀላም እኔስ አውቃቸዋለሁ፣ ቤንዚኑ ነው የማያውቃቸው አሉ። ባለሥልጣኑ ጫማቸውን አወለቁና ወረዱ። ሾላው ሥር ከዶሮ ሻጮች ጋር ሃያ ስምንት ደቂቃ ተቀምጠው ስለ መንገዱ ሲነገራቸው ቆዩ። ሰዎቹ እንዳወሩኝ ከሆነ ከጉብኝቱ ሁሉ የጠቀመው ያ ሃያ ስምንት ደቂቃ ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ቀለሟ የጎጃም ሰፋሪዎች ልጅ ናቸው፤ ምላሳቸው ስለት ነው። የእሳቸው ጣጣ የጀልባው ብቻ አይደለም። ኦቦ ቀጀላ እንግዳ ሲመጣ ጠላ ይቀዳሉ፤ ጠላውንም ልክ እንደ ቤንዚን አራት ጣት አጉድለው ነው የሚቀዱት። በእኛ አገር እንግዳ ፊት ብርጭቆ ማጉደል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስንት ዘመድ ተቀይሞ ሄዷል። «የኛ ሰውዬ እጁ ሰስቶ አይደለም» ይሉኛል ወይዘሮ ቀለሟ፤ «ጠላውም ቀትር ላይ ይወፍራል ብሎ ነው።» ስለዚህ ባል ቀድተው ዞር ሲሉ ሚስት በጓዳ በር ብቅ ብለው እየዞሩ ይሞላሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ኖረዋል፤ እንግዳውም ከሁለት እጅ ስለሚቀዳለት በመጨረሻ ጠግቦ ነው የሚወጣው።

የኦቦ ቀጀላ ጀልባ በመልካው ላይ ብቻዋን አልቀረችም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ጫንያለው መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ወላጆቹ ኪራሙ የሚኖሩ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም እንደ ውኃ የሚፈስለት፣ ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። ጀልባው ቀይ ናት። ሞተሯ የእሳቸውን እጥፍ ይሮጣል። ሳልባትዮዋ ግን እንደ እሳቸው ሳልባትዮ ተነሥቶ የሚወጣ አይደለም፤ ከኋላ መቀመጫው ሥር ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተገጥሟል። ጫንያለው ነዳጅ የሚሞላው ተሳፋሪ እያሳፈረ፣ ሙዚቃ እየተሰማ፣ ጀሪካኑን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ነበር። መፈክሩ «እስከ አፉ» ነው። ጎዶሎ ነገር አይወድም። ጢም ብሎ ሲፈስ በእጁ ጠረግ ያደርገውና እጁን ሐይቁ ውስጥ ይታጠባል። ውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ይንሳፈፋል። ኦቦ ቀጀላ ይህን ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ያንን ውኃ ላም ይጠጣዋል፣ ሰውም ይቀዳዋል። ሁለት ጊዜ መክረውታል። ሁለቴም ጫንያለው ትከሻቸውን አቅፎ እሺ አባቴ ብሏቸዋል፤ እሺ ማለት ለእሱ ቀላል ነገር ነበር።

ተሳፋሪው ወደ ቀይዋ ጀልባ ሄደ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ሄጃለሁ። ሃያ ስምንት ደቂቃ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደዚያ እሑድ እንምጣ። ወሩ ጥር ነው፤ የሠርግ ወር። ዱረቲ የምትባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ከወዲህ ማዶ ለወዲያ ማዶ ሰው ለቀነአ ትዳር ነበር። ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹንና ሽማግሎቹን የምታሻግረው ቀይዋ ጀልባ እንድትሆን ከሳምንት በፊት ተወስኗል፤ ፈጣን ናት፤ ፎቶ ላይም ታምራለች። ጫንያለው በማለዳ መጥቶ እስከ አፉ ሞላት፤ ሪባን አሰረላት፤ መቀመጫውን ነጭ ጨርቅ አለበሰ፤ ከዚያም መልካው ላይ ትቷት ወደ ሠርጉ ቤት ሄደ። ምርቃቱ ረዘመ። የሙሽራዋ አባት መርቀው አይጨርሱም። ሰርገኛው እየዘፈነ መልካው ላይ ሲደርስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ጀልባዋም ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆማለች።

እኔ ከሾላው ሥር መረብ እየለካሁ ነበር። ኦቦ ቀጀላ ሠላሳ እርምጃ ርቀው ጀልባቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይቋጥራሉ። ሙሽሮቹ ተሳፈሩ፤ ዘጠኝ ሰው ሆኑ። አንዱ ሚዜ ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ ላይተሩን ከሱሪው ኪስ ለማውጣት ይታገላል። ጫንያለው የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ያዘ። ነፋሱ ከቀይዋ ጀልባ ወደ እኛ ዞረ።

ኦቦ ቀጀላ ቀና አሉ። አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አነሡ። ከዚያ ሮጡ። እኒያ በሕይወታቸው ሱታ ሲሉ የኖሩ ሰው ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከነጫማቸው ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡና መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ።

«እጅህን አንሳ» አሉት ጫንያለውን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጫንያለው ገመዱን ለቀቀ። ለምን እንደለቀቀ ያኔ እሱም አያውቅም ነበር፤ የድምፃቸው ነገር ነው። ኦቦ ቀጀላ ወደ ሚዜው ዞረው ላይተሩን እንዳያወጣ፣ ወርዶ ሾላው ድረስ እንዲሄድ በእጃቸው አመለከቱት። ዘፈኑ ተቋረጠ።

የሙሽራው አጎት፣ ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ናቸው፤ ተነሡ። ወዲያ ማዶ ሰው ሁሉ እየጠበቀ መሆኑን፣ በሬ መታረዱን፣ የሰርግ ጀልባ ማስቆም ነውር መሆኑን ተናገሩ። ቀጥለውም ሁሉም በሆዱ ያሰበውን በአፋቸው አወጡት፤ ሽማግሌው ተሳፋሪ ስለተወሰደባቸው ቀንተው ነው አሉ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሾላው ሥር ሆኜ ለአንድ አፍታ እንዲያ እንዳይሆን ፈራሁ፤ ዛሬ ስናገረው አፍራለሁ።

ኦቦ ቀጀላ መዳፋቸውን ከሞተሩ አላነሡም። ጫንያለው በልምምጥ ቃና፣ የሞላው ጠዋት እንደሆነ፣ የፈሰሰችውንም ትንሽ ነገር ያኔውኑ መጥረጉን ነገራቸው።

«ጠዋት ቀጭን ነበር» አሉት። «አሁን ወፍሯል። ሳንቃውን አንሳ።»

ጫንያለው ከሙሽራዋ እግር ሥር ያለውን ሳንቃ አነሣ። ኦቦ ቀጀላ ከጀልባዋ ጥግ ስፖንጅና ጣሳ አነሡ፤ ስፖንጁን ወደ ጀልባዋ ሆድ አስገብተው አወጡና ጣሳው ላይ ጨመቁት። ደገሙት። ሠለሱት። ጣሳው ከግማሽ በላይ ሞላ። ሽታው ሾላው ሥር ላለነው ሳይቀር ደረሰ፤ ሳንቃው ላይ የነበሩትማ አፍንጫቸውን በነጠላ ያዙ። የወፈረው ቤንዚን በክዳኑ ሥር እየተንጠባጠበ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ሲጠራቀም ቆይቷል።

«የምታዩት ይሄ ነው» አሉ ጣሳውን ለሁሉም እያሳዩ። «የማታዩት ደግሞ እንደ ጉም ከእግራችሁ ሥር ተኝቷል። አንድ ብልጭታ ነው የሚጠብቀው።»

ጫንያለው የለቀቀውን ገመድ፣ ቀጥሎ የሙሽራዋን ነጭ ቀሚስ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ዱረቲ ናት። ጫማዋን አወለቀች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች፤ «አባ ኮ፣ አባቴ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለቻቸው ኦቦ ቀጀላን። አጎትየው አሁንም ስለ ሰዓቱ ሊናገሩ ሲጀምሩ ዞር ብላ ፈገግ አለች። «አጎቴ፣ ብዘገይም ሙሽራ ነኝ። ሙሽራ ደግሞ ስትጠበቅ ነው የሚያምርባት።» ሙሽሪት ከወረደች ማን ይቀመጣል? ሁሉም ተከትሏት ወረደ።

ሥራው አምሳ ደቂቃ ወሰደ። ሳልባትዮው በጎማ ተቀንሶ አራት ጣት ጎደለ። ሳንቃው ሁሉ ተነሣ። ጫንያለው በእንብርክኩ ሆኖ በስፖንጅ እየመጠጠ ጣሳ ላይ ይጨምቃል። ጣሳው ሲሞላ በልማድ ወደ ሐይቁ ሊደፋው እጁን ዘረጋ፤ ኦቦ ቀጀላ አንጓውን ያዙትና ራሳቸውን ወደ ግራ ብቻ አዘነበሉ። እዚያ ሴቶች እንስራ እየሞሉ ነበር። ጫንያለው ጣሳውን ወደ ባዶ ጀሪካን ገለበጠ። ከዚያ የጀልባዋ ሆድ በደረቅ ጨርቅ ተጠረገ፤ ነፋስ እንዲያገኘው ተተወ። በዚህ መካከል ሰርገኛው መቆም ሰለቸው፤ አንዲት ሴትዮ ዘፈን አነሣች፤ ክብ ተሠራና ጭፈራው መልካው ላይ ቀለጠ። ከወዲያ ማዶ ስልክ በየደቂቃው ይደወላል፤ አጎትየው ከሾላው ሥር እየተንጎራደዱ መጣን መጣን ይላሉ።

ኦቦ ቀጀላ ጭንቅላታቸውን ጀልባዋ ሆድ ከትተው አሸተቱ፤ ገና ነው አሉ። ቆይተው ደገሙ፤ ገና ነው። ሰው ሁሉ በጭፈራ መካከል ዓይኑን እሳቸው ላይ ጥሏል። በሦስተኛው ቀና አሉና «ነጋ» አሉ። ነጋ በኦሮምኛ ሰላም ነው ማለት ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ሌሊቱ አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

ሰርገኛው ሲሳፈር ጫንያለው ወደ ኋላ አለ። እርስዎ ይንዱት ብሎ ለመናቸው። ኦቦ ቀጀላ ጀልባው የእሱ እንደሆነ፣ እሱ እንደሚነዳው ነገሩት። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው ገብተው ከኋላ፣ ልክ ከሳልባትዮው በላይ ባለው መቀመጫ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጫንያለው አያቸው። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ተነሣ። ቀይዋ ጀልባ እየዘፈነች ሄደች፤ ነጭ ቀሚስ ወዲያ ማዶ ላይ ሲወርድ እስኪታየኝ ድረስ የመለኪያ ሜትሬን ጨብጬ ቆሜ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም አልሆነም። የጥንቁቅ ሰው ዕጣ ይኸው ነው። እሳት ያጠፋ ሰው ይጨበጨብለታል፤ እሳቱ እንዳይነሣ ያደረገን ማን ያውቀዋል? ያልተነሣ እሳት ፎቶ የለውም። በሠርጉ ቤት ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ የሙሽራው አጎት እስከ ፋሲካ ድረስ ያንን ሲያወሩ ከረሙ። ኦቦ ቀጀላም ወደ ማታ ተመልሰው ገመዳቸውን መቋጠር ቀጠሉ።

ጫንያለው ለአንድ ሳምንት መልካው ላይ አልታየም። በሳምንቱ ሰኞ ማለዳ መጣ። ተሳፋሪው ቀይዋ ጀልባ ላይ ወጣ፤ እሱ ግን ሁሉንም በትሕትና አወረደ። ሰው ምን መጣ ብሎ ይተያያል። ሞተሩን አጠፋ፤ ሙዚቃውን ዘጋ፤ የጠርሙስ አንገት ቆርጦ አምጥቶ ነበር፤ ሰካው። ማንቆርቆር ሲጀምር ኦቦ ቀጀላ ከጀልባቸው አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆመው ነበር። አንዴም ዞረው አላዩትም። ጆሯቸው ብቻ ወደዚያ ዘንበል ብሏል።

«ይበቃል» አሉ ድንገት፣ ጀርባቸውን እንዳዞሩ።

ጫንያለው ወደ ሳልባትዮው ጎንበስ ብሎ አየ። «ገና ይይዛል እኮ፣ አባቴ።»

«ይይዛል። ግን ይበቃል።»

ጀሪካኑን አቀና። ጨርቁን ጠቅልሎ አፉን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ መልካው ላይ ሁለት ሊቃነ ጠብታ አሉ፤ ሁለተኛው ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፤ ወጣት ስለሆነ። ዘንድሮ ዱረቲና ቀነአ ልጃቸውን ይዘው ለጥምቀት ሲሻገሩ ቀይዋ ጀልባ ላይ ሊሳፈሩ መጡ፤ ጫንያለው ገና ሳይጠይቃቸው ወርደው ሾላው ሥር ተቀመጡ።

እኔ ደግሞ አዲስ ሪፖርት ጻፍሁ። «አዝጋሚ» ያልሁትን አንሥቼ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ሰው ነዳጅ አሞላል ዘረዘርሁ። መሥሪያ ቤቱ የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚያስገባው ቸግሮት እስከ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

አሁን ሐይቁ የእኔ ሥራ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ነቀምት ቢሮ ውስጥ ወዳለ ሥራ ተዛውሬያለሁ፤ መረቡን የሚለካው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ጎበዝ ነው፤ ከእኔም ይሻላል። እኔ ግን በየሁለት ወሩ አንድ ምክንያት አላጣም። አንድ ጊዜ ያልተሟላ ቅጽ፣ አንድ ጊዜ የተረሳ መለኪያ፣ አንድ ጊዜ «የዓሣ ጫጩት ሁኔታን በዓይን ለማየት»። እደርሳለሁ፤ ሾላው ሥር እቀመጣለሁ፤ ሃያ ስምንት ደቂቃዋን አያለሁ፤ ወይዘሮ ቀለሟ ቤት ከሁለት እጅ የተቀዳ ጠላ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ማንም የሚያውቅብኝ አይመስለኝም ነበር።

አለቃዬ ወይዘሮ ሐረግወይን ይባላሉ። ጥቂት ነው የሚናገሩት፤ የመስክ መውጫ ወረቀት ያለ እሳቸው ፊርማና ማኅተም አይንቀሳቀስም። ባለፈው ወር ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ስሜን፣ ቀኑንና የምሄድበትን ሞልቼ «የጉዞው ምክንያት» የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ ጠዋት ምንም አልመጣልኝም ነበር። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ባዶው ቦታ ላይ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥተው በራሳቸው እጅ ሞሉት፤ ፈረሙ፤ አዞሩና አቀረቡልኝ።

«ኦቦ ቀጀላን ለማየት» ይላል።

«ስህተት አለበት?» አሉኝ።

«የለበትም» አልኋቸው።

ማኅተሙን መቱበት።